ሊፍቷ አትዋሽም

እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ተልባ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሬ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ተልባው ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ስለተኛ ወፍሯል፤ ከጣቶቼ ላይ እየተሳበ፣ ሊበጠስ እያለ ሳይበጠስ፣ ተመልሶ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ከሳፋው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለው ማይክ ሁሉንም ይሰማል።

«ድገሚው» አለ ጆሮ ከመስታወቱ ወዲያ። «አሁን ግን አትቸኩዪ። ጣቶችሽን አንድ በአንድ።»

አንድ በአንድ አወጣኋቸው። አምስተኛው ላይ ተልባው እንደ ትንሽ አፍ ጧ አለ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ። ይሄ ጉሮሮ ነው። እውነተኛ ጉሮሮ!» ይህን የሚለው ዳቦ በእንቁላል እየገመጠ ነበር።

ጆሮ የድምፅ ባለሙያችን ነው። በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት። መቅጃ ክፍሉ ከቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ ስፖንጁም ሁለት ወር ሙሉ የተረጨበትን ሁሉ ጠጥቶ ስላስቀረ ክፍሉ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ጆሮ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፦ ሰው ክፍሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ማይኩ አይዘጋም። «ምርጥ ድምፅ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም» ይላል።

ተልባ ማሸት የኔ ሥራ አልነበረም። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ በምንሠራው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ አፍ ያለው ነገር ሁሉ የሚናገረውን እጽፋለሁ። ግን ቢሮው ውስጥ ያለነው ሰባት ሰዎች ነን። የሦስቱ እጅ ከኪቦርድ አይነሳም፤ ሠዓሊዋ ተልባ ያሳክከኛል ትላለች፤ ጆሮ መስታወቱ ኋላ ነው፤ አለቃው አለቃ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ጌማችን «ሰባተኛው ፎቅ የት ሄደ?» ይባላል። ጠፈር ላይ የሚንሳፈፍ አንድ ሕንፃ አለ፤ ፎቆቹ በየፕላኔቱ ተበታትነውበታል። ተጫዋቹ ጠጋኝ ነው፤ በሮችን፣ መስታወቶችንና ክብደቶችን እያዛወረ እንቆቅልሹን ሲፈታ አንድ ፎቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። የምትመራው አንዲት የምትናገር ሊፍት ናት። «አራተኛ ፎቅን ተጭነዋል። አራተኛ ፎቅ ለጊዜው ከአንድ ጨረቃ ጀርባ ይገኛል። እባክዎ በትዕግሥት ይቁሙ፤ ወንበር ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበረን።» ሰው ይህን ወደደው። እኔ እስከዛሬ የማምነው ያሳቀው ትሕትናዋ ነው ብዬ ነው። ዓለም ተገነጣጥሎ እሷ እርስዎ ማለት አልተወችም።

የሊፍቷ ድምፅ የአክስቴ ነው። አክስቴ ያሳደገችኝ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የባቡር ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበረች። ከዚያ ጣቢያው መሣሪያ ገዛና እሷን በክብር ሸኛት። ከተሸኘች በኋላ ሁለት ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጣ የታክሲ ጥሩምባ ስትሰማ ኖረች። ሊፍት ትሆኚያለሽ ብዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ጌሙ ከወጣ ወዲህ ደረጃው ላይ ያገኟት የጎረቤት ልጆች «ሦስተኛ ፎቅ እባክዎ!» ይሏታል፤ እሷም የገበያ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ በሙሉ ድምጿ ትመልስላቸዋለች። ጀርባዋ ቀና አለ። ክፍል ሁለት ሊሠራ ነው ስላት ከኔ ብሳ ቀን መቁጠር ጀመረች።

ክፍል ሁለት እንግዲህ ይሄው ነው፤ ሳፋ ውስጥ ያለው።

አለቃችን የተጫዋቾችን አስተያየት ሁሉ ቁጭ ብሎ አነበበ። በመጀመሪያው ጌም አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከተሰነጠቀ ቱቦ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ጠጋኙ ራስ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አርባ ሰዎች «እዚህ ጋ ሞትኩ በሳቅ» ብለው ጻፉ። በቃ። በክፍል ሁለት ሕንፃውን አንድ የጠፈር አውሬ ይውጠዋል፤ እንቆቅልሹ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጠጋኙ ከምላሱ ይጀምራል፤ የት እንደሚጨርስ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሁለት ወር። ሠዓሊዋ ለሐሞት የሚሆኑ ሦስት ዓይነት ቢጫዎች ምሳ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ድምፅ አሰጠችን፤ መሐለኛው አሸነፈ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሾርባ አልቀመስኩም። ከማተሚያው ማሽን በላይ የአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ወረቀት ላነሣ በሄድኩ ቁጥር ፊት ለፊት እንገጣጠማለን። ከሁሉ የቀፈፈኝ ግን የራሴ እጅ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ኩሬ «ለብ ያለ፣ ፍርፋሪ የሚንሳፈፍበት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃው «ፍርፋሪ! ፍርፋሪ የምትለዋ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል እውነት ደስ አለኝ። ከዚያ ሄጄ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

በሩ ተከፈተ፤ አለቃው ገባ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን ሁሌም አንተ ነው።

«ጸሐፊዋ! ኧረ እጅሽን አትጥረጊው፣ ያምርብሻል» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። የተጠረዘ ወረቀት ሳፋው አጠገብ አስቀመጠ። «የሊፍቷ ንግግር። የአሁኑን ራሴ ጻፍኩት። ሐሙስ እትዬ አክስትሽ መጥተው ያንብቡልን።»

በእርጥብ ጣቴ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ሊፍቷ ታገሳለች። ቀጥላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ቀጥላ ይቅርታዋን ትስባለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጠጋኙን «አንተ የተፋኸው ጉርሻ» ትለዋለች።

«ይሄ ለአክስቴ...» አልኩ።

«ለአክስትሽ ምን?»

ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። «ምንም» አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ሁለት ወር እርጥበት ውስጥ ስለተቀመጠ ነቅዟል።

*

አክስቴ ልብስ እያጣጠፈች ደረስኩ። አንሶላውን በሁለት ጫፍ አስያዘችኝና እያራገፍን፣ እየተቀራረብን፣ እያጠፍን አራት ጨረስን። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፤ ተቀምጣ አታነብም።

በልቤ ተስፋ ያደረግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ገና ከመጀመሪያው ገጽ እንድትጸየፈውና ወረቀቱን ፊቴ ላይ እንድትወረውረው። ያን ጊዜ እኔ ምንም ሳልናገር ነገሩ ያልቃል። እሷ ግን ግሳቱን እንደ ባቡር ሰዓት አነበበችው። «የረገጡት ነገር እስከ ትናንት ድረስ የአንድ ሰው ምሳ ነበር» የሚለውን በጣቢያው ድምፅ፣ ቃል ሳትውጥ፣ ነጥቡን ጠብቃ። አንድ ጊዜ እንኳ አፍንጫዋን አልያዘችም።

«አይቀፍሽም?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ትውከቱ፣ ልጋጉ፣ ይሄ ሁሉ።»

«አንቺ ጭምት» አለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲህ ነው። «የቅዳሜ መጨረሻው ባቡር ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባ ታውቂያለሽ? የጽዳቷ ሴትዮ በታመመች ጊዜ መወልወያውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ትውከት ይታጠባል። ሰው ሆዱን ቢያመው ምን ያድርግ፣ አይወለድ?»

አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አንድ መስመር በጥፍሯ ይዛ ሁለቴ አነበበችው።

«ዘጠነኛ ክፍል። "በስተቀኝ ይሂዱ፤ በስተቀኝ ያለው መንገድ ደረቅና ንጹሕ ነው።" እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ቀኙ። ደረቅ ነው ወይ?»

«አይደለም። ወለሉ የጨጓራ ክዳን ነው። ሰውየው ሲረግጠው ይከፈትና አሲድ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ሊፍቷ ትስቅበታለች። ቀልዱ እሱ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች። ሁለት ወር ሙሉ በሰው ፊት ላይ ስፈልገው የነበረውን ነገር ያን ጊዜ እሷ ፊት ላይ አገኘሁት። ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ሸሸ፤ የነከሰችው ፍሬ ውስጡ ትል የተገኘበት ሰው ትመስል ነበር።

«አላነብም» አለች። ገጾቹን እየገለጠች በእርሳስ ምልክት አደረገች። አሥራ አንድ ሆኑ። «እነዚህን አሥራ አንዱን አላነብም። ሌላውን ላግሳ፣ ልግማ፣ ግድ የለኝም።»

«ጌም እኮ ነው፣ አክስቴ።»

«ሰው ይሰማኛል ወይስ አይሰማኝም?»

«ይሰማሻል።»

«እንዲህ ሂድ ስለው ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«እንግዲያው ጌም አይደለም።»

ከዚያ ቆማ እንዳለች ነገረችኝ። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት የጣቢያው ኃላፊ መጣና ባቡሩ አራተኛው መስመር ላይ ቆሞ ሳለ ሁለተኛው ነው ብለሽ ተናገሪ አላት። የአንድ ትልቅ ሰው ሻንጣዎች እስኪጫኑ ድረስ ሕዝቡ እንዳይጋፋ ነው። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው አላት። ተናገረች። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ሮጠ፤ ብዙው ተመልሶ ደረሰ፤ አንድ ሰው አልደረሰም። በማግስቱ መስታወቷ ፊት መጥቶ ቆመ። እርስዎ ነዎት? አላት። አዎ አለችው። እናቴ እኔን ሳታይ አልሞትም ብላ ስትታገል ነበር አሉኝ፤ አለና ሄደ።

«ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በመስኮት አያለሁ። ባቡሩን ዓይኔ ሳያየው አፌ አይከፈትም።»

አንሶላዎቹን አንሥታ ሣጥን ውስጥ ከተተች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «መግባት ግን እፈልጋለሁ» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል። «ሌላ ሴት ሊፍት ብትሆን፣ ለምን ልዋሽሽ፣ ያመኛል። ውሸቱን ግን አላነብም። አንቺ ንገሪው። አፍ የለሽም እንዴ?»

*

ለአለቃው ነገርኩት። ጠዋት፣ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ፣ ጆሮ ከመስታወቱ ወዲያ ኬብል እየጠቀለለ። አሥራ አንዱን መስመሮች አታነብም አልኩ፤ ድምፄ ከሳፋው ጠርዝ በላይ አልወጣም።

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም።

«ችግር የለም!» አለ። «የሽማግሌ ነገር፣ ይገባኛል። እስቲ ያቺን አሰማት።»

ጆሮ አልተንቀሳቀሰም።

«አሰማት እንጂ።»

ጆሮ ዓይኑን ከኬብሉ ሳያነሣ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ማዳመጫውን አደረግኩ።

አክስቴ ነበረች። «በስተቀኝ። ይሂዱ። በስተቀኝ ያለው መንገድ። ደረቅና። ንጹሕ ነው።»

ባለፈው ወር አለቃው የአክስቴን የድሮ ቀረጻዎች በሙሉ ቃል በቃል እንድቆራርጥ አዞኝ ነበር። ለማኅደር ነው አለኝ። ሁለት ሳምንት ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱን ቃል በየስሙ አስቀመጥኩ፤ «ደረቅ አንድ»፣ «ደረቅ ሁለት»፣ «ንጹሕ ቀዝቀዝ ያለ»። በሥራዬ ጥንቁቅ ነኝ፤ በቃላቱ መካከል ያለውን ትንፋሿን ሁሉ እንደ ጉድፍ ለቅሜ ጣልኩት። አሁን ማሽኑ ቃላቱን ገጣጥሟቸዋል። ማዳመጫው ውስጥ የምትናገረው አክስቴ አትተነፍስም። ሰው ሳትሆን የሰው ቅርፊት ናት፤ አፏ ውስጥ ያላስገባችው ነገር ገብቶ ይወጣል። ቅርፊቱን የላጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በነዚሁ ጣቶቼ።

«ሰማሽ?» አለ አለቃው። «አንዷም መስመር አትጎድልም። እሳቸውም ይረፉ፣ እኛም እንረፍ።» ጥርሱ መሐል የአንድ ነገር ቅጠል ተሰክቶ ነበር። ያን ቅጠል አየሁት።

መጀመሪያ አፌ ውሃ ሞላ። ቀጥሎ ጆሮ በግድ ያስጎረሰኝ ዳቦ በእንቁላል ቦታውን ለቀቀ። ለመሮጥ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አለቃው በሩ ላይ ቆሟል። ያለው ሳፋው ነው። ሁለት እጄን ጠርዙ ላይ አድርጌ አስታወክሁ፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ፣ ከዚያ ምንም የማይወጣበት ሦስተኛ። ተልባው ሁሉንም ቀስ ብሎ ተቀበለው።

ሳፋው ውስጥ አንድ አረፋ ፈነዳ።

«...ቀድቻለሁ» አለ ጆሮ፤ በጣም በዝግታ።

«ምን አልክ?»

«ማይኩ ክፍት ነበር።»

አለቃው ዘሎኝ ወደ መስታወቱ ሄደ። «መልሰው!»

መለሰው። የራሴ ሆድ በሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች መጣ። ሦስት ሳምንት በአጃ፣ በእርጎ፣ በተፈጨ ሙዝ ስንፈልገው የነበረ ድምፅ ነው፤ ጆሮ እንኳ የባልዲ ድምፅ ነው የሚያወጣው እያለ ሁሉንም ሲጥል ነበር። አለቃው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ይመስላል።

«ይሄማ ነፍስ አለው!» አለ። «ያቺ ሦስተኛዋ፣ ባዶዋ፣ ሰምተሃታል? ለሁሉም ክፍሎች! በገቡ ቁጥር!»

አፌን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ጉሮሮዬ ይቃጠላል። ምናልባት ስለተከፈተ ይሆናል፤ ቃሉ ያለ ችግር ወጣ።

«አይሆንም።»

«እ?»

«ድምፁ የኔ ነው። አልሰጥም።»

አለቃው ወደ ጆሮ ዞረ፤ ወደ እኔ ዞረ። «ትውከትሽን ልትከለክዪኝ ነው?»

«አዎ።»

ጆሮ ሳቁን ለመዋጥ ኬብሉን ነከሰ።

«የተገጣጠመው ይጥፋ» አልኩ። «የቆራረጥኩትም ይጥፋ። አክስቴ ራሷ ታነባለች። አሥራ አንዱን መስመሮች እኔ እንደገና እጽፋቸዋለሁ፤ ሊፍቷ አትዋሽም። ያኔ ይውሰዱት።»

«ሊፍቷ ካልዋሸች እንቆቅልሹ የት ሊገባ ነው? ቀጥ ብላ መንገዱን ነግራው? የኔ እህት፣ ይሄ እኮ የከተማ አውቶቡስ አይደለም።»

መልሱን ያመጣልኝ አፌ ውስጥ ያለው ጎምዛዛ ነገር ነው። «ዘጠነኛውን ክፍል ይክፈቱና ይጫወቱልኝ» አልኩት።

ጆይስቲኩን ይዞ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ጠጋኙ ሁለት መንገድ ፊት ቆሟል፤ በስተግራ ቢጫ ነገር ይንተከተካል፣ መሐለኛው ቢጫ፤ በስተቀኝ ሮዝ፣ የተወለወለ የሚመስል ኮሪደር። ማይኩን ወደ አፌ ሳብኩና በሊፍቷ አነጋገር አነበብኩ፤ ያልተጻፈውን።

«በስተግራ ይሂዱ። በስተግራ ትውከት አለ። ጥልቀቱ እስከ ወገብ ነው፤ ለብ ይላል። በስተቀኝ ያለው መንገድ ደረቅና ንጹሕ ይመስላል። አይደለም። ይውጥዎታል።»

አለቃው በቀኝ ሄደ። ወለሉ ተከፍቶ ዋጠው።

«በስተግራ ይሂዱ» አልኩ ደግሜ።

«ቆይ፣ ጠርዙን ይዤ...» በጠርዙ ሄደ። ተዋጠ።

በሦስተኛው እየሮጠ ዘለለ። ተዋጠ። በአራተኛው ወደ ግራው ተጠጋና እንደ እውነተኛ ሰው ፊቱን ከስክሪኑ አሸሸ። «ኧረ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም! ታሳስተኛለች ብዬ እኮ ነው...»

«ነግራዎት ነበር» አልኩ። «ሦስት ጊዜ።»

ጆሮ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቃው መጀመሪያ እሱን በክፉ ዓይን አየው፤ ከዚያ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ ራሱም ሳቀ። ለልጋጉ ሲስቅ አውቀዋለሁ፤ ይሄኛው ሌላ ነበር፤ ትንሽ አፍሮበታል።

«እሺ» አለ። «ትውከቱን ግን እወስዳለሁ።»

«ይውሰዱት።»

ከሰዓት በኋላ በተሰበሰብንበት ለሠዓሊዋና ለሌሎቹ «አንድ ሐሳብ መጣልኝ» ብሎ ጀመረ። «ሊፍቷ ሁሌም እውነት ትናገራለች፤ እውነቱ ስለሚያስጠላ ግን ማንም አያምናትም።» ሁሉም አደነቁት። እኔ ዝም አልኩ፤ ይሄኛው ዝምታዬ አልሸተተኝም። ጆሮ ከስብሰባው በፊት የተገጣጠሙትን ፊቴ አጥፍቷቸው ነበር። የቆራረጥኳቸው ላይ ደግሞ ማጥፊያውን ራሴ ተጫንኩ፤ «ደረቅ አንድ»፣ «ደረቅ ሁለት»፣ እስከ መጨረሻው።

*

ሐሙስ አክስቴ የሥራ ጫማዋን አድርጋ መጣች። አለቃው በሩን ከፍቶ «እትዬ፣ ይግቡ፣ ቤትዎ ነው» አላት፤ ስፖንጁ ሲሸታት ግን ቤቷ አለመሆኑ ፊቷ ላይ ታየ። ግሳቶቹን ሁሉ በአንድ ቀረጻ ጨረሰች። ጆሮ ከመስታወቱ ወዲያ ተነሥቶ እጅ ነሣት።

ዘጠነኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«ቆይ። ልየው።»

«ምኑን፣ እትዬ?» አለ ጆሮ።

«መንገዱን። በስተግራ ሂድ ልለው ነው። ግራውን አላየሁትም።»

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት። «እውነት ነው።»

«የጣቢያው ኃላፊም የሚያውቀኝ ሰው ነበር» አለች።

ስለዚህ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርነው፤ ጆይስቲኩንም እኔ ያዝኩት። ሁለት ወር ሙሉ እነዚያን ክፍሎች ስጽፋቸው እንጂ ስገባባቸው አልነበረም፤ ገብተው የሚሞክሯቸው ኪቦርዱ ላይ ያሉት ሦስቱ ናቸው። ጠጋኙን ወደ ግራ ነዳሁት። ገና እግሩን ሲነክር የኔው ድምፅ መጣ፤ ሦስቱም፤ ባዶዋ መጨረሻ ላይ። ጣቶቼ ላብ በላብ ሆኑ። አክስቴ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አስግጋ ታየዋለች።

«እስከ ወገብ ነው ብለሻል።»

«አዎ።»

«ይሄ እስከ ደረቱ ነው።»

«ጠጋኙ አጭር ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ የሚገባው እሱ አይደለም? እስከ ደረት በዪ።»

በእርሳስ ሰርዤ እስከ ደረት አልኩ። አነበበችው። አሥረኛው ክፍል። አሥራ አንደኛው። በየክፍሉ መጀመሪያ እኔ እገባለሁ፤ ድምፄ ይመጣል፤ እሷ ታያለች፤ ከዚያ ትናገራለች። አንዱ ክፍል ውስጥ «ቅዝቃዜ አለው» የሚለውን እንፋሎት አይቼበታለሁ ብላ አስወጣችው። ሌላው ላይ «ሦስት እርምጃ» የሚለውን አስቆጥራኝ አራት ሆነ። አለቃው በሩን ገርበብ አድርጎ አየንና መልሶ ዘጋው።

አምስተኛው መስመር ላይ ይሁን ስድስተኛው፣ ጠጋኙ ዝልግልጉ ውስጥ ሲንቦጫረቅ፣ አክስቴ ራሷን ዘንበል አደረገች።

«ይሄ ድምፅ ያንቺ ነው?»

ጆሮ ወደ ጣሪያው አየ።

«አዎ» አልኩ።

«ምን በልተሽ ነው?»

«ዳቦ በእንቁላል።»

ለማንና ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። «የውነት ነው ማለት ነው» አለችና ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ቀና ብላ ግን አንድ ጊዜ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካችኝ፤ ትኩሳት እንዳለኝ ለማወቅ።

የመጨረሻው መስመር የአውሬው መጨረሻ ላይ ነው። መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ሠዓሊዋ አልራራችም። ዓይኔን ግማሽ ጨፍኜ ጠጋኙን ነዳሁት። ግድግዳው ይሸበሸባል፣ ይለቃል፣ ይሸበሸባል፤ በለቀቀ ጊዜ ብቻ ነው የሚታለፈው። ሁለት ጊዜ ተጨመቀ። ድምፄ ሁለት ጊዜ መጣ።

«አትቸኩዪ» አለች አክስቴ። «ሲለቅ ጠብቂው።»

ሦስተኛው ላይ ለቀቀ። ጠጋኙ አለፈ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ከዚያ ከዋክብት።

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሌላ በር የለም?»

«የለም። ዞሬ አይቻለሁ።»

መነጽሯን አስተካክላ ወደ ማይኩ ተጠጋች። መጀመሪያ ትንፋሽ ወሰደች፤ ረጅም፣ የሚሰማ፤ ጆሮም አላስቆማትም።

«መውጫው ፊት ለፊትዎ ነው» አለች። «ያዩት ትክክል ነው። ሌላ መውጫ የለም፤ ቢኖር ኖሮ እነግርዎት ነበር።»

ጆሮ አውራ ጣቱን አነሣ። ወረቀቱ ላይ በአሥራ አንደኛው ምልክት አጠገብ መስመር አሠመርኩ። ጆይስቲኩ ከላቤ የተነሣ ይንሸራተታል፤ በቀሚሴ ጫፍ ዙሪያውን ጠርጌ፣ ገመዱን ጠቅልዬ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።